ፕሮፖዛሌ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ርዕሴ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ ያደረሰው ጫና ነው። አማካሪዬ «በጣም ሰፊ ነው፣ አጥብበው» እያሉ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ከየት ጀምሬ እንደማጠብበው ግራ ገባኝ።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ስርጭቱና ስለ ውሃው ጥራት ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አረሙ ዳር ዳሩን ሲዘጋው በደንገል ታንኳ የሚሠራው ሰው መረቡን የት ይጥላል? ሞተር ጀልባ ያለው ራቅ ብሎ ይሄዳል። ታንኳ ግን ያን ያህል አይርቅም። እስካሁን ያልተጠናው ክፍተት እዚህ ጋ ይመስለኛል። የችግሩ መግለጫ ላይ ስጽፈው ግን እሮሮ ብቻ ይሆንብኛል፤ የምርምር ጥያቄ አይወጣውም።

የጣና ዳር ወረዳዎቹን ደምቢያንና ፎገራን ላወዳድር ወይስ አንድ ቀበሌ ብቻ ልያዝ? ሌላም አለ። ያነጋገርኳቸው አስጋሪዎች ገቢያቸውን በደብተር አይዙም። እንግዲህ የድሮውን ከአሁኑ በምን ላነጻጽር? ትዝታቸውን እንደ መረጃ ብወስድ፣ የአጠናን ዘዴው ክፍል ላይ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? በጀቱና የጊዜ ሰሌዳው አላስቸገሩኝም።

ማቅረቢያዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ የችግሩን መግለጫ ብቻ እንኳ እዩልኝ። ረቂቁን ዛሬውኑ እልካለሁ።