ቀለሙ እንዳይላጥ፦ ለጋራ ማመልከቻችን የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢው፣ ደብረ ብርሃን

ውድ የአታሚዎች ማህበራችን አባላት፣ በጠቅላላ ጉባኤው እንደተስማማነው የጋራ የድጋፍ ማመልከቻውን ረቂቅ እዚሁ እንጀምር። ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጸበል ጀሪካን፣ የማር ዕቃ፣ የጤፍ ጆንያ እናትማለን፤ ከእጃችን ሲወጣ ያምራል፤ ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ በአውራ ጣት ጥፍር ቢነኩት ከነፊደሉ ተነሥቶ ይወድቃል።

የእኔ መነሻ ሐሳብ ይህ ነው። በማህበሩ ስም፣ በካፒታል ዕቃ ሊዝ (ዋጋውን በየጊዜው እየከፈልን)፣ አንድ የኮሮና ማሽን፣ ማለትም ቀለም እንዲይዝ የፕላስቲክን ገጽ በኤሌክትሪክ የሚያክም ማሽን፣ እንግዛ። ደብረ ብርሃን ላይ ይተከል፤ አባላት በተራ ይጠቀሙበት። የምትቃወሙም የምትደግፉም ምክንያታችሁን ጻፉ። “እስማማለሁ” ብሎ ማለፍ ለማመልከቻው አይጠቅምም።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ

ጋሼ፣ ችግሩን በትክክል አስቀምጠውታል። መፍትሔው ላይ ግን ትንሽ እንድንቆይ እለምናለሁ።

ቀለም የሚይዘው የሚታተምበት ገጽ ሲስበው ነው። ይህ የመሳብ አቅም የገጽ ጉልበት ይባላል፤ የሚለካውም በዳይን ነው። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የገጽ ጉልበቱ 31 ዳይን ገደማ ነው፤ ጆንያ የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን ከ29 እስከ 30። በቲነር የሚቀጥን ቀለም ቢያንስ 38 ይፈልጋል፤ በውሃ የሚቀጥነው ከ40 በላይ። ከዚያ በታች ከሆነ ቀለሙ ማሰሻ በጠገበ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ይሰባሰባል፤ ካልሆነም የተዘረጋ መስሎ ይደርቅና ሥር ሳይሰድ ይቀራል። ቀለም መቀያየር፣ ቲነር መጨመር፣ ደጋግሞ ማተም የፕላስቲኩን ቁጥር ከፍ አያደርጉትም። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት በተፈጥሮው 43 አካባቢ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ብቻ የሚያትሙ አባላት ይህ ማመልከቻ ብዙም አይመለከታቸውም።

ቁጥሩ ከፍ የሚለው ገጹ ኦክስጅን ሲይዝ ነው። ኮሮና ይህን በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ በኤሌክትሮዱና በሚሽከረከረው ሲሊንደር መካከል ያለውን አየር ይበትነዋል፤ ከተበተነው አየር የሚወጣው ኦክስጅን የፕላስቲኩን ገጽ ይይዛል። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የኮሮና ማሽን የተሠራው በጥቅል ለሚያልፍ ስስ ላስቲክ ነው። እጀታ ያለው የ5 ሊትር ጀሪካን በዚያ ጠባብ ክፍተት በየት በኩል ያልፋል?

ለጀሪካን፣ ለባልዲና ለማር ዕቃ የቆየው ዘዴ ነበልባል ነው፤ እርሱም ገጹ ኦክስጅን እንዲይዝ ያደርጋል። እሳቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ የውስጠኛው ሾጣጣ ጫፍ ገጹን ሳይነካ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ዕቃው አይቀልጥም፣ ቅርጹም አይበላሽም። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ግን ጥላሸት ስለሚተው ካለማቃጠሉ ይብሳል።

ገንዘብ ያዥ

በዚህ ላይ የምጨምረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። የሊዝ ዕዳ ለዓመታት አብሮን ይኖራል። ኮሮናው በዋናነት የሚያገለግለው ለስስ ላስቲክ ነው ከተባለ፣ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ሥራችን ፌስታል ነበር። ፌስታልን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል። ማመልከቻውን የሚመረምረው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንን ነው፤ መልስ የለንም። የተከለከለ ዕቃ ላይ ለማተም ማሽን ግዙልን የሚል ወረቀት ላይ ፊርማዬን አላኖርም።

ሰብሳቢው

እትዬ፣ ፌስታሉን አልዘነጋሁትም። ጆንያውስ? እርሱ በጥቅል ይመረታል።

ጆንያ አታሚ፣ አረርቲ

ይመረታል እንጂ በጥቅል አይደርሰንም። ለምንጃር ጤፍና ሽምብራ ነጋዴዎች የማትመው ጆንያ ተቆርጦና ተሰፍቶ፣ በእስር ነው የሚመጣልኝ። ኮሮና ቢኖረኝ እንኳ ጆንያውን አንድ በአንድ ምን ላደርገው ነው?

ለጆንያ መፍትሔው ያለው አምራቹ ዘንድ ይመስለኛል። ላሚኔት የተደረገውን (በስስ ላስቲክ የተለበጠውን) ጆንያ ፋብሪካው ገና በጥቅል ሳለ በኮሮና አሳልፎ መስጠት ይችላል። እኛ ግን ስንገዛ ክብደትና ዋጋ እንጂ ይህን ጠይቀን አናውቅም። በትዕዛዝ ወረቀታችን ላይ ሁለት ነገር ቢጻፍ በቂ ነው፤ የታከመበት ቀንና ሲወጣ የነበረው የዳይን መጠን። ቀኑ ያስፈለገው ጉልበቱ እየቆየ ስለሚወርድ ነው። በተለይ እንዳይጣበቅ ተብሎ የሚጨመረው ማንሸራተቻ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣና የታከመውን ገጽ ይሸፍነዋል። ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ክረምቱን የከረመ ጆንያ ትናንት ከወጣው ጋር እኩል ቀለም አይይዝም።

እያንዳንዳችን ተነጣጥለን ብንጠይቅ የሚሰማን የለም። ማህበሩ የሁላችንንም ትዕዛዝ አንድ ላይ ይዞ ቢቀርብ ግን ይሰሙናል። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ

በሙሉ እስማማለሁ፤ ማመልከቻው ውስጥ ይግባ። ሲረከቡ የሚለኩበት መሞከሪያ ፈሳሽ ግን ያስፈልገናል። በ34፣ በ36፣ በ38፣ በ40 ዳይን የተዘጋጀ ፈሳሽ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፤ መስመሩ ለ2 ሰከንድ ሳይሰበሰብ ከቆየ ገጹ ያንን ቁጥር አልፏል ማለት ነው። ከ34 ጀምሮ ወደ ላይ እየሞከሩ መሄድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ በብዛት የሚሸጠው ፈሳሽ ፎርማሚድ የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ለፅንስ ጎጂ ነው። ያለ ጓንት አይነካ፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛም አትሥራበት።

ጀሪካን አታሚ፣ ሸዋ ሮቢት

ነበልባሉን በተግባር የማውቀው ስለሆነ ልናገር። ሮቢት ላይ ያስተካከልኩትን ማቃጠያ ጭኜ ደብረ ብርሃን ለአንድ ደንበኛ ብሠራበት፣ ያው ጋዝ፣ ያው ቀዳዳ፣ እሳቱ ጫፉ ላይ ቢጫ እያለ አስቸገረኝ። ምክንያቱ ጣርማ በርን ወጥተን ስንሻገር ያለው ከፍታ ነው። ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800። አየሩ ሲሳሳ ማቃጠያው የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጋዙ ግን በሲሊንደሩ ግፊት እንደ ወትሮው ይወጣል። ስለዚህ ለደጋው ወይ የጋዙ ቀዳዳ ይጥበብ፣ ወይ አየር የሚነፋ ትንሽ ነፊ ይጨመርበት። ማመልከቻው “የነበልባል ማቃጠያ” ብሎ ብቻ ካለፈ የባሕር ዳርቻ ማቃጠያ ይመጣልናል፤ ያኔ ተያይዘን እናዝናለን። ከፍታው በግልጽ ይጻፍ።

ቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ

ኮሮናውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም ነበር። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አቅሙ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ተሰልቶ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ብልጭታ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይዘላል። ሲሠራ የሚፈጥረውን ኦዞን የተባለ ጎጂ ጋዝ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሳቢያም ይፈልጋል።

የማር ዕቃ አታሚ፣ ደብረ ብርሃን

እኔን የምታስጨንቀኝ ደብረ ብርሃን እንጂ ዳይን አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ሱቄ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ እጅ ይቆርጣል። የምጠቀምበት ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። በነበልባል ያለፈች፣ ሁሉ ነገር የተሟላላት የማር ዕቃ በማግስቱ በፕላስተር ስፈትናት ቀለሟ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። እዚያው ቀን የታተመችው፣ ምድጃ ባለበት ጓዳ ያደረችው ግን ንቅንቅ አላለችም። እንግዲህ ማከም ብቻውን ምን ያደርጋል? ሞቅ ያለ ማድረቂያ ክፍል በማመልከቻው ካልገባ፣ የቆላ አባላት ብቻ የሚጠቀሙበት ፕሮጀክት ይሆናል።

ደግሞም አንድ ነገር አደራ። ዕቃው ከቅርጽ ማውጫው (ከሞልዱ) በቀላሉ እንዲወጣ ሲሊኮን የሚነፋ አምራች አለ። ሲሊኮን የነካውን ዕቃ ነበልባልም አይመልሰውም። ይህም በአረርቲው ወንድማችን የትዕዛዝ ወረቀት ላይ ይካተት፦ ሲሊኮን እንዳይነፋ።

ሰብሳቢው

ተረታሁ ልበል? ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የሽሮና የበርበሬ ማሸጊያ ላስቲክ የሚያትሙ አባላት አሉን፣ የእነርሱ ሥራ በጥቅል ነው። ግን ለጊዜው የታከመ ላስቲክ ገዝተው ቢሠሩ እንደሚቀል ይገባኛል። ኮሮናው ከዚህ ማመልከቻ ይውጣ። ጸሐፊያችን የተባለውን ሰብስበው ይጻፉልን።

ጸሐፊ

የተሻሻለው ረቂቅ ዋና አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦

“ማህበሩ በደብረ ብርሃን አንድ የጋራ ማከሚያና መፈተኛ ጣቢያ ለማቋቋም ድጋፍ ይጠይቃል። ጣቢያው በ2,800 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ የተስተካከለ፣ አየር ነፊና ዕቃውን እኩል የሚያዞር መቀመጫ ያለው የጋዝ ነበልባል ማከሚያ፤ የዳይን መሞከሪያ ፈሳሾች፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ የማይወርድ የማድረቂያ ክፍል ይኖሩታል። ለቆላ አባላት ሁለተኛ ማቃጠያ በሸዋ ሮቢት ይቀመጣል። ጆንያና ስስ ላስቲክ በጣቢያው አይታከሙም፤ ማህበሩ የታከመበት ቀንና የዳይን መጠን የተጻፈበትን ዕቃ በጋራ ትዕዛዝ ይገዛል።”

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ጣቢያው ላይ ማን ይቆማል? አባላት በየተራ እሳቱን ከነካኩት ማስተካከያው በሳምንት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በነበልባል ያለፈው ዕቃ ታክሞ ወደየሱቁ ተመልሶ ይታተም ወይስ እዚያው?

ቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ

እዚያው ይታተም። ከነበልባሉ በኋላ በባዶ እጅ ከተነካካ፣ በጨርቅ ወይም በቲነር ከተጠረገ፣ የደከምንበት ይጠፋል። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት መታተም አለበት። ቀለሙ ተጨምቆ የሚያልፍበትን የስክሪን ፍሬም እያንዳንዱ አባል ይዞ ይምጣ።

ጀሪካን አታሚ፣ ሸዋ ሮቢት

እሳቱ ላይ የሚቆመውን ሰው ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ተመራቂዎች እንቅጠር። ከእኛ አንዱ ከሆነ የራሱን ዕቃ ያስቀድማል፤ እኔም ብሆን አስቀድማለሁ።

ገንዘብ ያዥ

ደመወዙ ከድጋፉ አይከፈልም፤ ከአገልግሎት ክፍያ ነው መውጣት ያለበት። በአንድ ጀሪካን ስንት ሳንቲም እንደሚደርስ አስልቼ እለጥፋለሁ። ሁላችሁም በወር የምታትሙትን የዕቃ ብዛት፣ በመጠን ለይታችሁ፣ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ያልላከ አባል በተራ ድልድሉ ውስጥ አይገባም።