ሁለት ስፒከር በትክክል የሚነጻጸረው እንዴት ነው?

የፒያሳው
ሰላም ሰዎች። ከሁለት ጥንድ ስፒከር አንዱን ልገዛ ነው። አንደኛው «1000 ዋት» የሚል ተለጥፎበታል፣ ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ድምቅ ይላል። ሌላው 40 ዋት ነው፤ ግን ክራሩ ሲመታ ጥፍሩ ክሩን ሲነካ ሳይቀር ይሰማል። ሻጩ «ዋቱን እያየህ ግዛ» ይላል። ጆሮዬን ልመን ወይስ መለካት ይቻላል? ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ።

አምፕ ጠጋኝ
ዋቱን ተወው ወንድሜ። ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ዋት) የሚል ካለበት ቁጥሩ ለማሻሻጫ ነው፣ አርኤምኤሱን (ሳያቋርጥ የሚችለውን ዋት) ጠይቅ። ደግሞ ከ40 ወደ 80 ዋት ብትወጣ እንኳ የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ሴንሲቲቪቲውንም (በ1 ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ) እይ፦ 84 ዴሲቤል የሆነው ከ90ው እኩል እንዲጮህ 4 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ይሄ ግን ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርህም።

የአራት ኪሎዋ
ከሁሉ በፊት ድምፃቸውን እኩል አድርግ! በ1 ዴሲቤል የሚበልጠው እንኳ የጮኸ ሳይሆን የጠራ ነው የሚመስልህ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፒንክ ኖይዝ ክፈት (ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ነው)፣ የስልክህን የድምፅ መለኪያ አፕ የምትቀመጥበት ቦታ አድርገህ ሁለቱም አንድ ቁጥር እስኪሰጡ ቮልዩሙን አስተካክል። የስልክ ማይክ ቤዝ ላይ አይታመንም፣ ለዚህ ግን ይበቃል። ከዚያ ጓደኛህ እየቀያየረ ያሰማህ፣ አንተ የትኛው እንደሆነ ሳታይ። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱልና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ሰውን ሳያሳዩ እያሰሙ ሲፈትኑ፣ አብዛኛው አድማጭ የመረጠው ከቤዝ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሳያጋንን እኩል የሚያወጣውን ስፒከር ነው። ያ «ድምቅ ያለው» ምናልባት ቤዙና ቀጭኑ የተጋነነ ይሆናል።

የፒያሳው
ሻጩ ቀብድ ይዞ ለአንድ ማታ ሁለቱንም ሊያበድረኝ ተስማማ። የት ላስቀምጣቸው?

ቤዝ ወዳጅ
ተራ በተራ፣ እዚያው አንድ ቦታ ላይ። ከ300 ሄርዝ (በሰከንድ 300 ንዝረት) በታች ቤዙን በብዛት የሚወስነው ክፍሉ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ 3.5 ሜትር ከሆነ 49 ሄርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ከልኩ በላይ ይጮህብሃል፣ ጥግ ላይ ካስጠጋኸው ደግሞ ይብሳል። ምንጣፍ አንጥፍ፣ የሴራሚኩን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ቤዙን ግን አይነካውም። የመለኪያ ማይክ የሚያውስህ ካገኘህ «ሩም ኢኪው ዊዛርድ» የሚባል ነፃ የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም አለ። ሁለቱንም ለክተህ ግራፉን እዚህ ለጥፍ፣ አብረን እናየዋለን።