ልጄ ምግብ አልቀበል አለችኝ፣ ምን ላድርግ?

እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ልጄ 7ኛ ወሯን ይዛለች። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው የሰጠኋት፣ ውሃም አልቀመሰች። አሁን ምግብ ስጀምርላት አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። የምጥን ዱቄት ገንፎ ሳቀርብላት በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች። ድንች በካሮት ቀቅዬ ፈጨሁላት፣ ያው ነው። ሙዝ ብቻ ትንሽ ትልሳለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ከማንኪያው የማይፈስ ወፈር ያለ ይሁን፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጫት» ብላኛለች። አማቴ ደግሞ አጥሚት አቅጥነሽ በጡጦ ስጫት፣ ማርም ጠብ አድርጊበት ይላሉ። ማሩን እንኳን እምቢ ብያለሁ፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው። (በዚህ የተነሳ ትንሽ ተኮራርፈናል!)

ክብደቷ ደህና ነው፣ ትጫወታለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ብረቱ (አይረን የሚባለው፣ ለደም የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር) ነው። ከ6 ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃትም። በደንብ የበሰለ እንቁላል ላስቀድም ወይስ ምስር? ጡት የምታጠቡት ከምግቡ በፊት ነው በኋላ? በቅርቡ ሥራ ስለምመለስ የምትመግባት ሞግዚቷ ናት። በግድ ማጉረስ ግን በፍጹም አልፈልግም። ያለፈበት ሰው ካለ እንዴት እንዳለማመዳችሁ ንገሩኝ።