ከለንደን የሚላክ ውክልና፦ ኖታሪ ነው ወይስ ባለ 5 ፓውንዱ ማህተም?

ሰሜን ለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን እንድትሸጥልኝ ለእህቴ ውክልና ልልክ ነው። ሰፈሬ ያለ የጠበቃ ቢሮ «ኮሚሽነር ፎር ኦዝስ ነን፣ 5 ፓውንድ ነው» አለኝ። ኖታሪው የጠየቀኝ ብዙ እጥፍ ነው። ሁለቱም ያው ማህተም አይደለም እንዴ? ባለትዳር ነኝ፤ ፓስፖርቴ የእንግሊዝ ነው።

መዝገብ ቤት፦
አይደለም። ባለ 5 ፓውንዱ ሥራው ማስማል ነው። «የጻፍኩት እውነት ነው» ብለው ይምላሉ፣ ፊቱ ይፈርማሉ፤ እሱ ደግሞ ከታች ቦታውን፣ ቀኑንና ስሙን ጽፎ ይፈርማል። አባሪ ካለ በያንዳንዱ 2 ፓውንድ ይጨመራል። የጻፉት ልክ ይሁን አይሁን አያጣራም። የእርስዎን ክርክር የያዘው ጠበቃም ራሱ ሊያስምልዎ አይችልም።

ኖታሪ ሌላ ሙያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሹመቱ እስከ ዛሬ በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት በኩል ነው (ጥንታዊ ጣጣ!)። ፓስፖርትና የአድራሻ ማስረጃ ያያል፣ የሚፈርሙት ነገር ገብቶዎትና ወደውት መሆኑን ይጠይቃል፣ በራሱ ማህተም ያትማል፣ መዝገብም ይይዛል። ውጭ አገር ለሚሄድ ውክልና የሚጠበቀው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (አገሮች በአንድ የማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ሰነድ የሚቀባበሉበት) አባል ስላልሆነች ግን በዚያ አያበቃም። ከኖታሪው ሚልተን ኪንስ ወዳለው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ የሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ፣ ከዚያ ለንደን ወዳለው ኤምባሲያችን፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ ውልና ማስረጃ። ኖታሪው ገጾቹን በሪባን አስሮ ካተመ ለፎቶ ኮፒ ብላችሁ እንዳትፈቱት፤ የተፈታ ሰነድ ገጽ ተቀይሮበታል ተብሎ ይጠረጠራል።

ቀጭን መንገድ፦
ልክ ነው፣ ግን ለንደን ለሚኖር ሰው ያ ሁሉ ዙር ምን ያደርጋል? ኤምባሲው በአካል ቀርበው ሲፈርሙ ውክልናውን ራሱ ያረጋግጣል። ያኔ ኖታሪውም ሚልተን ኪንስም ሊቀሩ ይችላሉ፤ የሚተርፈው አዲስ አበባ ያለው ብቻ ይሆናል። ፓስፖርትዎንና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለዎት እሱን ይያዙ። ቤት ፈርመው አይሂዱ፤ ቆንስላው የሚያረጋግጠው ፊቱ የተፈረመውን ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ አዲስ አበባ ትርጉም ይጠየቃል።

ሰሜን ለንደን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠቅላላ ውክልና ብሰጣት ለሁሉም አይበቃም?

አንቀጽ 2205፦
ለሽያጭ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ቤት መጠገን የመሳሰለው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩና የካርታው ቁጥር ይግባበት። «ለመሸጥ» ብቻ ብሎ ማቆም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ ውል መፈረም፣ ገንዘብ መቀበል፣ ስመ ሀብት ማዛወር፣ ግብር መክፈል በየስማቸው ይጻፉ።

ሁለተኛው፣ ትዳሩ። ቤቱ የጋራ ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ባለቤትዎም ኤምባሲ ቀርበው አብረው ቢወክሉ ይሻላል።

ሦስተኛው ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ካርታው ላይ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ውልና ማስረጃ ሊመልሰው ይችላል። ባለ 5 ፓውንዱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ «ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል የመሐላ ቃል ይሰጣሉ። ያስማለው ሶሊሲተር (ጠበቃ) በቢሮው ስም ሳይሆን በገዛ ስሙ ከፈረመ ሚልተን ኪንስ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኤምባሲው በኩል ይሄዳል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን መሐላው ላይበቃ ይችላል፤ አዲስ አበባ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠየቅ ስለሚችል ለእህትዎ ስሙን የሚያስወስን ውክልናም በዚያው ወረቀት ይጨምሩላት።