ፕሮሶፒስን ከነቀልን በኋላስ? የጎሮ ዕቅዳችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። መነሻችን ይሄ ነው፤ ከድሬዳዋው ጎሮ ወጣ ብሎ ባለው የአሸዋ ወንዝ ዳር ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ እንቆርጣለን፣ በክረምት ግራርና ቁርቁራ እንተክላለን። የጎደለውን ሙሉበት።

የችግኝ ባለሙያ፦ «እንቆርጣለን» የሚለው ይቀየር። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ቢቆረጥ አይሞትም፤ ጉቶው በብዛት ያቆጠቁጣል። አምና አንድ ቦታ ጨፍጭፈን ሄድን፤ ስንመለስ ከበፊቱ ብሶ ጠበቀን። እስካሁን ይቆጨኛል። ጉቶው ከመሬት በታች ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ዶማና ወፍራም ጫማ በጀት ውስጥ ይግቡ፤ እሾሁ ቀላል አይደለም።

ፍየል አርቢ እናት፦ አቦ ልጆች፣ ፍየሎቼንስ? በበጋ ሣር ሲጠፋ የሚበሉት ፍሬውን ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ይሻሙበታል።

የችግኝ ባለሙያ፦ እማማ፣ ልክ ነሽ። ግን የሚዘሩትም እነሱ ናቸው። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ከበጠጡ ጋር ይወጣል፣ እዚያው ይበቅላል። ፍሬው ተለቅሞ ከነዘሩ ቢፈጭ ግን መኖ ይሆናል። ብቻውን እንዳይበዛባቸው ከሌላ መኖ ጋር ይደባለቅ። ይህ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ ያለ አርቢዎቹ ሥራው አይሆንም።

የባዮሎጂ መምህርት፦ እኔን የሚያሳስበኝ የምንተክለው መጽደቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፕሮሶፒስ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ሲገባ ደረቁን መሬት ያለማል ተብሎ ነበር። አረንጓዴውስ መጣ፤ ከሥሩ ግን ሣር ጠፋ። ግራርም ያጠላል፣ ሣር ግን አይከለክልም። ፕሮሶፒስ ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን ይጋርዳል፣ እርጥበት ይሻማል፤ የረገፈው ቅጠሉም የሌላውን ዘር ብቅለት የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። በእኛ መሬት የትኛው እንደሚብስ ራሳችን እንየው። ሦስት እኩል መደብ እንከልል። አንዱን እንዳለ እንተወው። ከሁለተኛው ነቅለን ቅጠሉን እዚያው እንተወው። ከሦስተኛው ቅጠሉንም እንጥረገው። በሦስቱም ቁርቁራ ተክለን የጸደቀውን በየወሩ እንቁጠር፣ ሣሩንም እንመዝግብ። ደግሞ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ስለሚቆይ ከዝናብ በኋላ ቡቃያውን መልቀም አለብን። ዕቅዱ የአንድ ክረምት አይሁን፣ እባካችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአጥር የሚሆን ብር የለንም።

ሰብሳቢ፦ የነቀልነው እሾህ ይበቃል። ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ እንዳይገባበት ብቻ። ረቂቁን አስተካክዬ ሐሙስ እልካለሁ።

ፍየል አርቢ እናት፦ መደቡን በእኔ ቤት በኩል አድርጉት፣ ፍየሎቹን እኔ እመልሳለሁ። ቅዳሜ ፀሐዩ ሳይከር ኑ።