የድልድዩ ሽቦዎች ሳጋራቸው ለምን መጋዝ ይመስላሉ?

ድልድይ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ተንጠልጣይ ድልድይ ካየሁማ አላልፍም። ችግሬ ማንሳቱ ላይ ሳይሆን ማጋራቱ ላይ ነው።

ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። ሲመሻሽ በትራይፖድ፣ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት) 100፣ ኤፍ (የሌንስ ቀዳዳ) 8፣ 15 ሰከንድ አድርጌ አነሳለሁ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶው ቁልጭ ያለ ነው፤ የብረቱ ብሎን ሳይቀር ይቆጠራል። ከለጠፍኩት በኋላ ግን ጉድ ነው። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች የመጋዝ ጥርስ ያወጣሉ፣ አንዳንዶቹም መሃል ላይ ተቆርጠው ይታያሉ። ሰማዩም እንደ ደረጃ ይከፋፈላል።

ብዙ ሞክሬያለሁ። ወርዱን ከ6000 ፒክስል ወደ 2048 አሳነስኩ። ቀለሙን ኤስአርጂቢ (ለኢንተርኔት የተለመደው የቀለም ዓይነት) አደረግኩ። የጄፔጉን ጥራት ከ80 ወደ 100 ሳወጣው ፋይሉ ከበደ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰማዩ ላይ ትንሽ ግሬይን (ደቃቅ ነጠብጣብ) ስጨምር ደረጃው ጠፋ፤ እሱስ ተገላገልኩ። የቀረኝ ሽቦው ነው። ሻርፕ ማድረጉን (ጠርዞችን ማጉላቱን) ስተወው ጥርሱ ይቀንሳል፣ ድልድዩ ግን ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስላል። እስካሁን ሻርፕ የማደርገው ሙሉው ፎቶ ላይ፣ ሳላሳንሰው በፊት ነው።

ሽቦው ሳይሸራረፍ ድልድዩም ሳይደበዝዝ እንዲወጣ ሻርፑን ካሳነስኩ በኋላ ላድርገው ወይስ ሽቦዎቹን ለይቼ ያለ ሻርፕ ልተዋቸው?