ፈቃዱ ወጥቶልኛል፤ ሽጉጡን ታጥቆ መዋሉን እንዴት ልልመደው? (ቨርጂኒያ)

ጥያቄ፦ የፓይኩ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃዴ ከሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ወጥቶልኛል፤ የምኖረው አርሊንግተን ነው። መሣሪያው 9 ሚሊ ሜትር ግሎክ 19 ነው። ተኩሱ አያስቸግረኝም፤ ያልለመድኩት ታጥቄው መዋሉን ነው። አቀባብዬ ሆዴ ላይ ሳደርገው ይባርቅብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ስቀመጥ ጭኔን ይወጋኛል፣ ሸሚዜ ላይ ቅርጹ ይታያል፣ ሰው ሲያቅፈኝ እሸማቀቃለሁ። ማታ ማታ ኡበር እሠራለሁ፤ እሁድ ዲሲ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ጋ እሄዳለሁ። የሚያውቅ ይምከረኝ።

መልስ፦ ዒላማ

ከመባረቁ እንጀምር፤ እሱ ካልተፈታ ሌላው አይለመድም። ግሎክ ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም። ሦስት መከላከያ አለው፦ አንዱ ቃታው ላይ የምታያት ትንሽ ምላስ ናት፣ ሁለተኛው የመምቻ መርፌውን መንገድ ይዘጋል፣ ሦስተኛው መሣሪያው ሲወድቅ መርፌው እንዳይለቀቅ ይይዘዋል። ሦስቱም የሚለቁት ቃታው ሲሳብ ነው። ጣት ይሳበው የጃኬት ገመድ ይሳበው ግን ለመሣሪያው ልዩነት የለውም። ስለዚህ ዋናው ጠባቂህ ቃታውን ዙሪያውን የሚሸፍን ጠንካራ ሆልስተር (የሽጉጥ ማህደር) ነው።

ለግሎክ 19 ልክ የተሠራ የካይዴክስ (የደረቅ ፕላስቲክ) ሆልስተር ግዛ። "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ የናይሎን ከረጢት ተወው፤ ቃታውን ከውጭ መጫን ይቻላል። ያረጀ ቆዳም አፉ ይታጠፍና ሽጉጡን ስታስገባ ቃታው ቀለበት ውስጥ ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው። ባዶውን ሽጉጥ ሆልስተሩ ውስጥ አድርገህ ቃታው ያለበትን ቦታ በአውራ ጣትህ ከውጭ አጥብቀህ ተጫን፤ ከተንቀሳቀሰ ሆልስተሩን መልስ። ቀጥለህ አልጋ ላይ ዘቅዝቀህ ነቅንቀው፤ ከወደቀ መያዣ ብሎኑን አጥብቅ።

አሁን ስጋትህን በዓይንህ አረጋግጥ። መጀመሪያ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጣ፣ ከዚያ ስላይዱን (ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን የላይኛ ክፍል) ስበህ የጎረሰውን ጥይት አስወጣ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን ከሳብክ አዲስ ጥይት ታጎርሰዋለህ። የጥይት መጉረሻውን በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳብስ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፍበት። ስላይዱን አንዴ ስበህ ስትለቀው ቃታው ወደ ፊት ይመጣል፤ እንዲህ ባዶውን ታጥቀህ ቤት ውስጥ ዋል። ደረጃ ውጣ፣ ጎንበስ በል፣ ጫማህን እሰር፣ መኪና ውስጥ ግባና ውጣ። ማታ አውጥተህ ተመልከተው። ቃታው አሁንም ወደ ፊት ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሳበው ነገር የለም። ወደ ኋላ ተኝቶ ካገኘኸው ሆልስተሩን ወይም ልብስህን መርምር። ይህን ለ2 ሳምንት አድርገው፤ በመጀመሪያው ቀን 2 ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ እየጨመርክ ሂድ።

ሳያቀባብሉ መታጠቅ ለጀማሪ ነውር የለውም። ጉዳቱ አለው፦ በችግር ጊዜ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ በድንጋጤም ስላይዱ በግማሽ ይሳብና ጥይቱ ይቀረቀራል። ከሁሉም የከፋው ግን አንድ ቀን አቀባብሎ አንድ ቀን ሳያቀባብሉ መውጣት ነው፤ መሣሪያህ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳታውቅ ትቀራለህ። አንዱን ምረጥና በእሱ ጽና።

መልስ፦ አንጥረኛው

"ዒላማ" ባለው ላይ የምጨምረው አለኝ። ሽጉጥ በቤት ውስጥ የሚባርቀው በአብዛኛው ሲወጣ ሳይሆን ወደ ሆልስተሩ ሲመለስ ነው። የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ፣ ያልተነሳ ጣት አብሮ ይገባል። ስለዚህ ሲመለስ ጥድፊያ የለም። ሸሚዙን በግራ እጅህ እስከ ደረትህ ሰብስብ፣ ጣትህን ስላይዱ ጎን ላይ ዘርጋ፣ የሆልስተሩን አፍ በዓይንህ እይ፣ ወገብህን ወደ ፊት ግፋ፤ አፈሙዙ ከጭንህ ይርቃል። ጭን ላይ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ከተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ሆድ ላይ የሚታጠቅ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባም። እንቅፋት ከተሰማህ አትግፋ፤ አውጣና እይ።

እንዲያውም ለጊዜው ከነጭራሹ ሌላ መንገድ ተከተል። ሽጉጡን ሆልስተሩ ውስጥ እንዳለ ሱሪህ ላይ ስካው፣ ማታም ከነሆልስተሩ ነቅለህ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። ያልተሸፈነ ቃታ እጅህን የሚያገኝበት አጋጣሚ በቀነሰ ቁጥር አደጋውም ይቀንሳል።

መጸዳጃ ቤት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሽጉጡ ከሆልስተሩ አይወጣም። የወረቀት ማንጠልጠያው ላይ፣ የውሃ ታንኩ ላይ፣ በሩ መንጠቆ ላይ አይቀመጥም፤ እዚያው ተረስቶ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ሱሪህን ከጉልበትህ በታች አታውርድ፣ ቀበቶውን መልሰህ ቆልፈው፤ ክብደቱን ይይዝልሃል። ከእጅህ ካመለጠ ለመቅለብ አትሞክር፤ ይውደቅ። ስትቀልበው ጣትህ ቃታው ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ ባለቀበቶው

መውጋቱና መታየቱ ሁለቱም ከአንድ ነገር ይመጣሉ፦ ከቀበቶው። 15 ጥይት የያዘ ግሎክ 19 ወደ 850 ግራም ይመዝናል። ተራ የሱፍ ሱሪ ቀበቶ ይህን አይችልም፤ ይጠማዘዝና እጀታው ወደ ውጭ ይተኛል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ የተጠናከረ፣ ወርዱ 1.5 ኢንች የሆነ ቀበቶ ግዛ፣ የሆልስተሩ ቀበቶ መያዣም 1.5 ኢንች ይሁን። በጥቂቱ የሚጠብቅና የሚላላ ዓይነት ከሆነ ይመረጣል፤ ቀዳዳ ያለው አንዱ ያንቃል፣ ቀጣዩ ይላላል። ሱሪህም ወገቡ 1 ወይም 2 ኢንች ይስፋ።

ሰው የሚያየው አፈሙዙን ሳይሆን እጀታውን ነው፤ አፈሙዙ ሱሪ ውስጥ ነው ያለው። ሆልስተሩ ላይ የምትገጠም፣ ቀበቶውን ከውስጥ የምትገፋ ትንሽ ክንፍ አለች፤ እጀታውን ወደ ሆድህ ታዞረዋለች። ከአፈሙዙ በኩል ደግሞ ከሆልስተሩ ጀርባ የስፖንጅ ሽብልቅ ለጥፍበት፤ ታችኛውን ጫፍ ከገላህ ያርቀዋል፣ ላይኛውን ወደ ገላህ ያስጠጋዋል። የሚወጋህ ጫፍም በስፖንጁ ላይ ያርፋል። ከእምብርትህ በስተቀኝ ትንሽ አስጠጋው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከፍ ካደረግከው መቀመጥ ይቀላል፣ ግን የበለጠ ይታያል፤ በሁለቱ መሃል ያለውን ቦታ ራስህ ፈልገው። ረጅም ሆልስተር ከአጭሩ ይልቅ የሚመች መሆኑ ለብዙ ሰው አይታመንም፤ ነገር ግን ረጅሙ ጭን ላይ ተኝቶ ክብደቱን ያካፍላል። ሸሚዝ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ዳማ ወይም አበባ ያለበት ይሁን። ነጭ ስስ ቲሸርት ምንም አይሸሽግም።

መተቃቀፉን በተመለከተ፦ የእኛ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲገናኝ እጁ ወገብ ላይ ያርፋል። ሆድ ላይ የታጠቀ ሰው እዚህ ይጠቀማል፤ ከጎን የታጠቀ ግን ቀኝ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን ሽጉጡ ላይ ያሳርፍ፣ የሌላው እጅ ከላይ ይለፍ። ለቡና በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ጉልበትህ ከወገብህ በላይ ስለሚወጣ ሆድ ላይ ያለው ይወጋሃል፤ ወንበር ጠይቅ። ዕቃ ስታነሳ ከወገብህ ሳይሆን ከጉልበትህ እጠፍ። ደግሞ በየደቂቃው አትዳብሰው፤ ሰው የሚነቃው በእጅህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተመቸህ መሣሪያው በዝቶብህ ይሆናል። ሲግ ፒ365 ባዶ ካዝና ይዞ ወደ 500 ግራም ነው፣ እጀታውም አጭር ነው። ትንሽ ሽጉጥ ግን ሲተኮስ የበለጠ ይዘልላል፤ ልምምዱን ይጨምራል።

መልስ፦ ጋሽ ዶሚኒየን

ልጄ፣ ጥያቄህ ውስጥ ያለፍከው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ዲሲ ውስጥ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ እስከ 5 ዓመት የሚያስፈርድ ከባድ ወንጀል ነው። የዲሲን ለማግኘት የ16 ሰዓት የክፍልና የ2 ሰዓት የተኩስ ስልጠና ይጠየቃል፤ ሜሪላንድም ለመጀመሪያ ጊዜ 16 ሰዓት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለህ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከእስር በላይ ነው፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። እሁድ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ።

ኡበር ሾፌሩም ተሳፋሪውም በጉዞ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል፤ እንደ ኡበር ያለው ሊፍትም እንዲሁ። ሕግ ባይሆንም አካውንትህን ያዘጋሃል። ደግሞም ከአርሊንግተን የጫንከው ሰው ወደ ዲሲ የሚወስደውን ድልድይ፣ ኪ ብሪጅን፣ አሻግረኝ ይልሃል፤ በዚያች ቅጽበት ወንጀለኛ ነህ። በሥራ ሰዓት አትያዝ። ደለስና ሬገን አየር ማረፊያ ተርሚናል ውስጥም በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው።

የቀረውን በአጭሩ፦ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት አይገባም። መጠጥ በሚሸጥ ምግብ ቤት ውስጥ ሸሽገህ ይዘህ መብላት ትችላለህ፤ አንዲት ብርሌ ጠጅ ግን አይቻልም። የቨርጂኒያ ሕግ የአምልኮ ሥርዓት በሚካሄድበት ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ቤተ እምነት ውስጥ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ስግደት ላይም ይገለጣል። ባለቤቱ የከለከለበት ቦታ ፈቃዱ አይሠራም። የቨርጂኒያ አዲስ ሕግ በአብዛኛው በየዓመቱ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን የስቴት ፖሊስን ገጽ እይ።

ስለ ጫት ማንም አይነግርህም፣ እኔ ልንገርህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛው ምድብ ውስጥ የተከለከለ ነው። ሽጉጥ ስትገዛ የሞላኸው ቅጽ 4473 የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በውሸት መመለስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ማሪዋናም እንዲሁ፣ ቨርጂኒያ ብትፈቅድም።

ፖሊስ መኪና ካስቆመህ ሞተሩን አጥፋ፣ የውስጥ መብራት አብራ፣ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ቨርጂኒያ ሳትጠየቅ ተናገር ብላ አታስገድድም፤ ከተጠየቅህ ግን ፈቃዱንና መታወቂያውን ማሳየት ግዴታ ነው። ስትናገር መጀመሪያ "ፈቃድ አለኝ" በል፣ ቀጥለህ መሣሪያው የት እንዳለ፣ ከዚያ ምን ላድርግ ብለህ ጠይቅ። "ሽጉጥ" በሚለው ቃል አትጀምር፣ እጅህንም ሳይነግሩህ አታንቀሳቅስ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የማናሳስ እናት

እኔም ፈቃድ አለኝ። ቀሚስ ስለብስ ቀበቶ የለም፤ ቦርሳ ውስጥ ማድረግ ይቻላል? ቤት 6 ዓመት ልጅ አለኝ።

መልስ፦ አንጥረኛው

እህቴ፣ ቦርሳውን አልመክርሽም። ይረሳል፣ ይነጠቃል፣ ልጅ ይከፍተዋል። የግድ ከሆነ ለመሣሪያ ብቻ የሆነ ኪስ ያለው፣ ውስጡ ጠንካራ ሆልስተር የተሰፋበት፣ ትከሻ ላይ ተሻግሮ የሚንጠለጠል ይሁን፤ ከገላሽ አይለይ፣ ወንበር ላይ አይቀመጥ። እዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ ሊፕስቲክ አይግባ፤ ቃታ ይስባሉ። የሚሻለው በሆድ የሚታሰር ሰፊ ላስቲክ ነው፤ ቃታውን የሚሸፍን ደረቅ የካይዴክስ ቅርፊት ያለው ብቻ። ላስቲኩ ብቻውን ከሆነ ቃታው ከውጭ ይጫናል። የነጠላ ጫፍ በቀላሉ አብሮ ስለሚገባ ሽጉጡን መጀመሪያ ቅርፊቱ ውስጥ አድርጊው፣ ከዚያ ላስቲኩን እሰሪ፣ ነጠላውን በመጨረሻ ልበሺ። ሐበሻ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አንድ ስለሆነ ግን መሣሪያው ጋ በቶሎ አይደረስም፤ በዚያ ቀን ቤት ቢቀር ይሻላል።

ለልጁ፦ ከሰውነትሽ በወረደበት ቅጽበት በቁልፍ ወይም በቁጥር የሚዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ። ቁም ሳጥን ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ መደበቅ አይባልም። የተሞላ መሣሪያ ሳይቆለፍ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለአደጋ በሚያጋልጥ ግዴለሽነት መተው በቨርጂኒያ ወንጀል ነው። ቤት ውስጥ ከባድ ሐዘን ወይም ጭንቀት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ የሳጥኑን ቁጥር ቀይሪው፤ 988 ሌት ተቀን የሚሠራ የእርዳታ መስመር ነው።

ጠያቂው፦ የፓይኩ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም። ዲሲ ስሄድ ድልድዩ ጋ ስደርስ ጥይቱን አውጥቼ ሻንጣ ውስጥ ብቆልፈውስ? ደግሞ ማታ ማታ ጥይት እያወጣሁ ጠዋት ማጉረስ ችግር አለው?

መልስ፦ ጋሽ ዶሚኒየን

አይሆንም። ተቆልፎ፣ ጥይቱ ወጥቶ ማለፍን የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ መነሻህም መድረሻህም መያዝ የሚፈቀድልህ ቦታ ሲሆን ነው። መድረሻህ ዲሲ ከሆነ አይጠብቅህም። መኪና ውስጥ ጥይት ማውጣቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ጠባብ ነው፣ አፈሙዙ ጭንህን ወይም በሩን ያያል።

መልስ፦ ዒላማ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ያንኑ ጥይት ደጋግመህ ስታጎርሰው እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ሲሰምጥ ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት ይጨምራል፤ መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። የወጣውን ጥይት ከአዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ቁመታቸውን አስተያይ፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት ካለ ለመለማመጃም አትተኩሰው፣ የተኩስ መለማመጃው ቦታ ላይ ለሠራተኛው ስጠው። የቀሩትን በካዝናው ውስጥ እያቀያየርክ ተጠቀም። ይህንን ሁሉ የሚያስቀረው ማታ ከነሆልስተሩ እንደ ጎረሰ መቆለፍ ነው።

በሳምንት አንዴ ላቡንና ጥጡን ጥረግ፣ በቀጭኑ ዘይት ቀባ፤ ዘይቱ ጥይቱን እንዳይነካ። የሆልስተሩ ብሎኖች በእንቅስቃሴ ይላላሉ፤ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንዳንድ ጠብታ አድርግባቸው። ቀዩን አትጠቀም፤ ካልሞቀ አይፈታም፣ ካይዴክስ ደግሞ በሙቀት ለስልሶ ቅርጹን ያጣል።